ሁለቱን ኮምፒውተሮች ያገናኘን ጊዜ

ባለፈው ሰኞ ለደም ግፊቴ ሐኪም ቤት ሄጄ ጸሐፊዋ የመድኃኒቱን ወረቀት ከማሽኑ ላይ መዘዝ አድርጋ ሰጠችኝ። ትኩስ ነው። ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። «ሳባ፣ ምን ታሸታለህ? ወረቀት እኮ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው፤ እዚህ ቂርያት ማላኪ ጸጉሩ የነጣውን ሁሉ ሳባ ይሉታል፣ ይወለዱት አይወለዱት ጉዳያቸው አይደለም። ምን ልበላት? የትኩስ ወረቀት ሽታ የድሮውን ሳሎናችንን፣ ባለቤቴን የሺን፣ ልጄን ትርንጎን፣ በዚያ ሳሎን የዋልኩትን አንድ የሐሙስ ውሎ ይዞብኝ ይመጣል ብላት መቼ ይገባታል። ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። አውቶቡስም አልተሳፈርኩ። በእግሬ እየሄድኩ ያን ዘመን ሳስብ የገዛ ቤቴን በር አልፌ ሄጄ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የሌለው ሕንጻ። ከሥሩ ጥግ ላይ የአገራችን ሰው ሱቅ ነበረች። ጤፍ ይሸጣል፣ በርበሬ ይሸጣል፣ ካሴት ይሸጣል። ካሴቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያጫውተው መሲንቆው እኛ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ የሺም ሽንኩርት እየከተፈች ትከሻዋን ነቅነቅ ታደርጋለች፣ እኔ ስገባ ታቆማለች። ከሱቁ ፊት ለፊት ዝቅ ያለች ግንብ ነበረች፣ እኛ ሽማግሌ ነን ባዮቹ ባርኔጣችንን ደፍተን፣ ዱላችንን ጉልበታችን መሃል አቁመን የምንቀመጥባት። ሴቶቹ ከላይ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ሹራብ፣ ከታች ደግሞ የልጆቻቸውን የስፖርት ጫማ አድርገው ያልፋሉ። ወጣቶቹ ሱሪያቸው ከወገባቸው ወርዶ መንገዱን ይጠርጋል። ፈላፈል በዳቦ አምስት ሸቀል ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ ዳቦውን ብቻ ስጡኝ ብትል ይስቁብሃል። ሱቋም ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆናለች። ግንቧን አፍርሰው አበባ ተክለውባታል፣ አበባው ደግሞ ያለማቋረጥ ይደርቃል።

እኔ ገዴራ አጠገብ ብርቱካን ማሸጊያ ነበር የምሠራ። ማታ ስገባ እጄ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ፊደል የቆጠርኩት ከሸመገልኩ ወዲህ ነው፤ አገር ቤት ሳለሁ ማን አስተምሮኝ? እዚህ ስመጣ ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ሊያስተምሩኝ ደከሙ፣ እኔም ደከምኩ፣ አልገባኝ አለ። የአማርኛውን ግን ገዴራ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ወርቁ በገበታ አስቆጠረኝ። ዛሬም ቢሆን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነብ። ስጽፍም እንዲሁ ነኝ፤ የቸኮለ ይለፈኝ።

ሳሎናችን ውስጥ ሆዱ ትልቅ የሆነ ኮምፒውተር ነበረ፣ ከጎኑም ፕሪንተር። የሺ በሁለቱም ላይ ጥልፍ ጨርቅ ታለብሳቸዋለች፣ ቴሌቪዥኑንም እንደዚያው። ልጄ ትርንጎ ከጦር ሠራዊት አገልግሎቷ ስትመለስ ለኮሌጅ ብላ ሁለተኛ ኮምፒውተር ገዛችና ክፍሏ አስቀመጠች። ትምህርት ቤት የሰጧት ስም ኦስናት ነው፤ ለኛ ግን ትርንጎ ናት። አንድ ነገር ማተም በፈለገች ቁጥር ጽሑፉን በዲስኬት ገልብጣ ወደ ሳሎን ትመጣለች፣ ተሳስታ እንደሆነ ትመለሳለች፣ እንደገና ትመጣለች። አንድ ቀን ሰማያዊ ገመድ ጠምጥማ ይዛ ገባች።

«አባ፣ ሁለቱን ላገናኛቸው ነው።»

«ምናቸውን?»

«ክፍሌ ቁጭ ብዬ ሳዘው ወረቀቱ ሳሎን ይወጣል። አንተም ሳሎን ሆነህ የኔን ፋይል ታያለህ።»

«መራመድ ሰነፈሽ? አሥር እርምጃ አይሞላም እኮ።»

«በቀን ሃያ ጊዜ ነው!»

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ውሃ ለመቅዳት...»

«ያላ፣ ውሃውን ጀመረ» አለችና ወደ እናቷ ዞረች። የሺም ከወጥ ቤት ሆና፣ «ተይው ልጄ፣ ዛሬ ወንዙ ሩቅ ነው» አለች። ተሳሳቁብኝ።

ግድግዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ። ገመዱን በኮሪደሩ የዘረጋሁትም እኔ ነኝ። ትርንጎ የላስቲክ ማያያዣ አምጥታ ነበር፣ እኔ ግን ላስቲክ ምን ያቆማል ብዬ በምስማር መታሁት። አንዱ ምስማር ገመዱን ወጋው። ራውተር የምትባለዋ ትንሽ ሳጥን አረንጓዴ መብራቷ ጠፋ። ትርንጎ ገመዱን እየዳሰሰች መጥታ ምስማሩ ዘንድ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ተረድቻለሁ» አልኳት። ሌላ ገመድ ገዛሁ፣ በላስቲኩም አሰርነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ስም ይሰጠዋል አለች። የሺ የሳሎኑን ትልቁ፣ የክፍሏን ትንሿ ብላ ሰየመቻቸው። ሁለቱ የሚጠሩበት የቤት ስም ደግሞ አንድ መሆን አለበት፣ አለዚያ አይተያዩም። ትርንጎ ከክፍሏ ሆና ለሙከራ አንድ ወረቀት ስትልክ እናቷ ሳሎን ብቻዋን ምስር ትለቅም ነበር። ፕሪንተሩ ማንም ሳይነካው ጉርርር ብሎ ተነሣ። «ኧረ የእስራኤል አምላክ! ማን ነክቶት ነው?» ብላ ጥልፍ ጨርቁን ወርውራ አለበሰችው። ወረቀቱ ጨርቁን ይዞ ተቀረቀረ። ያን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ ምስሩም እንደተደፋ ዋለ።

ትርንጎ ክፍሏ ካለው ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ማህደር የጋራ አደረገችው። እኔ ሳሎን ካለው ከፍቼ ሳየው ከማህደሩ ሥር እጅ ተስሏል፤ እንካችሁ ብሎ የዘረጋ የሚመስል እጅ። «አባ፣ ማየት ብቻ ልፍቀድልህ ወይስ መለወጥም?» አለችኝ። «በገዛ ቤቴ? አይቼ ብቻ ልለፍ? የሚለወጥ ካለ እለውጠዋለሁ» አልኩ። «ተቆጣ እንዴ» አለችና የመለወጡንም ፈቀደችልኝ።

በማህደሩ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የወንድሜ የወርቁ ፋይል ነበር። የማያውቅ ካለ ልንገር፤ በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሁለቱ ልጆች አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ከነወንድም እህታቸው እስከ ሰባት ይወጣል፤ በዚያ ውስጥ ከተገናኙ ጋብቻ የለም። ወርቁ ቆጠራ አዋቂ ነበር፣ ከያቭነ፣ ከጋን ያቭነ ሳይቀር እየመጡ ይጠይቁታል። አንድ ክረምት፣ ሳልሞት ይጻፍልኝ ብሎ በየሳምንቱ ከገዴራ በአውቶቡስ ይመጣ ጀመር። ግራጫ ኮቱን አይጥልም፣ የሱፍ አበባ ፍሬ በወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ትርንጎ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ተገኘ አድጎ፣» ይላል፤ ተገኘ እኔ ነኝ። «አድጎ ፈረደ። ፈረደ መርሻ። መርሻ ብሩ። ብሩ ታሰው። ታሰው ረታ። የታሰው ወንድም ጓንጉል ረታ፤ ለርስት ብሎ ክርስትና ተነሣ።»

«አያ ወርቁ፣ እሱን እንኳ ተወው» አልኩ።

«ለምን እተወዋለሁ?»

«ከኛ የወጣ ሰው ምን ያደርግልናል?»

ዓይኑን ገለጠ። «አንተ ተገኘ፣ ያልተቆጠረ ዘመድ ነው ኋላ የሚያሳፍር። ጻፊ ልጄ። ለርስት ብሎ፣ በይ። ረኃብ እንደነበረም ጻፊ።» ትርንጎም ጻፈች። በዚያው ዓመት ዝናቡ ሳያባራ ወርቁ ሞተ። የቀረው ድምፁ የለም፣ ካሴት አልቀዳነውም፤ የቀረው ያ ፋይል ነው።

ኋላ ትርንጎ ዳኒ የሚባል የያቭነ ልጅ አመጣች። የመብራት ሠራተኛ ነው፣ ረጅም፣ ሲገባ ጫማውን የሚያወልቅ፣ የሺን ገና በመጀመሪያው ቀን ያሳቃት። ምንም አይወጣለትም። ግን ቤተሰቦቹ ኋላ ከመጡት ናቸው፤ አያቶቻቸው ክርስትና የገቡ፣ ልጆቹ ተመልሰው የመጡ። እውነቱን ልናገር፣ እኛ ግንቧ ላይ ተቀምጠን እነዚያን ሰዎች ስናማ ነበር የምንውል። «እነዚህማ ትናንት የገቡ» እንል ነበር። እና እንዴት አድርጌ እነሱ ፊት «የኛም ቤት አንድ ወጥቶበታል» ብዬ ላንብብ? አንገቴን ቀና አድርጌ ልቀበላቸው ፈለግሁ፤ ያ ነው ነገሩ።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ሊመጡ ነው፣ ሰኞ ጧት ወደ ብርቱካኑ ከመሄዴ በፊት ሳሎን ተቀመጥኩ። ማህደሩን ከፈትኩ። የጓንጉልን መስመር በጣቴ ፈልጌ አገኘሁትና ከኋላ ጀምሬ ፊደል በፊደል አጠፋሁት። ረኃቡም ጠፋ፣ ርስቱም ጠፋ፣ ጓንጉልም ጠፋ። ማሽኑ ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት። ልጄን የበደልኳት አልመሰለኝም። እኔ ያጠፋሁት የሳሎኑን ነው፣ የክፍሏ እንዳለ ይቀመጣል ብዬ ነው። ከጎተራ በእንቅብ እህል ብታወጣና እንቅቡ ቢደፋ፣ ጎተራው ምን ይሆናል? እኔ የማውቀው ይህን ነበር። ለካ የተከፈተልኝ ጎተራው ራሱ ኖሯል። ፋይሉ አንድ ነው፤ እኔ ሳሎን ሆኜ የማየው የእሷኑ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። የዳኒ አባት ሞላ፣ ከሱ ጋር ሁለት ሽማግሌዎች። ሞላ አገር ቤት መምህር የነበረ ነው፤ እዚህ ያቭነ ፋብሪካ ይጠርጋል። ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ጉልበቱን ስለሚያመው ከበሩ ቅርብ ያለችውን ወንበር ያዘ፣ ከፕሪንተሩ አጠገብ። የሺ ዳቦና ለስላሳ አቀረበች። ትርንጎ በደንባችን መሠረት ክፍሏ ናት፣ አትወጣም።

ቆጠራውን እኔ ጀመርኩ፣ ከአባቴ እስከ ረታ ሳልደናቀፍ ተወጣሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ «ታሰው ወንድም አልነበረውም?» አለኝ።

«አንድ ነው» አልኩ። ዓይኔን አላሸሸሁም።

ሞላ፣ «ወንድምህ ነፍሱን ይማርና በጽሑፍ አኑሮታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ብናየው ምናለ?» አለ። እኔም የተማረች ልጅ እንዳለኝ ይወቁ ብዬ፣ «ትርንጎ! የአጎትሽን ላኪው!» ብዬ ተጣራሁ። የሳሎኑን መክፈት አቅቶኝ አይደለም። መኩራራት ነው፤ የክፍሏ ሙሉ ነው ብዬ ማሰቤን እንኳ ኩራቱ አስረሳኝ።

ፕሪንተሩ ጉርርር አለ። ሦስቱም ዞሩ። ወረቀቱ እየተግተለተለ ወጥቶ ሞላ ጉልበት ላይ ሊወድቅ ሲል ቀለበው። «ትኩስ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። መነጽሩን አደረገና በመምህር ድምፅ ያነብ ጀመር። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌያለሁ። ታሰው ረታ ዘንድ ደረሰ። «የታሰው ወንድም ጓንጉል ረታ፤ ለርስት ብሎ ክርስትና ተነሣ። ረኃብ ነበረ።» ድምፁ ቆመ።

በኋላ እንደሰማሁት ትርንጎ በዚያ ቀን ጧት ፋይሉን ስትከፍት መስመሩ የለም። «እኔ ሳላውቅ ነክቼ ያጠፋሁት ይሆናል» ብላ ራሷን ጠርጥራ፣ አጎቷ ያስጻፋትን በልቧ ስለያዘችው መልሳ ጻፈችው።

ቀጭኑ ሽማግሌ፣ «አንድ ነው አላልክም?» አለኝ።

የሺ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ትርንጎ ዝምታውን ሰምታ ነው መሰል፣ ደንቡን ጥሳ ወጣች፣ ፊቴንም አየች። ልጄ አይደለች? ወዲያው ገባት። «ይቅርታ አባቶቼ» አለች፣ «ይህ ኔትወርኩ ያመጣው ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሲገናኙ መስመር ጠፍቶ ነበር። አባባ ያጠናው የጎደለውን ነው። አይደል አባ?»

የማምለጫውን በር ከፈተችልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ከሦስቱ እንግዶች ኮምፒውተር የሚያውቅ የለም። ግን ውሸቱ የወጣው ከልጄ አፍ ነው። የወርቁን ነገር የጻፈች ልጅ ናት።

«አይደለም» አልኩ። «ማሽኑ ምንም አላጠፋ። እኔ ነኝ፣ በዚህ ጣቴ። እናንተ ፊት ላለማፈር።»

ሞላ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «አያ ተገኘ» አለኝ፣ «እኛ እኮ በዚህ ሰው ስም ነው እስራኤል የገባነው። ወደዚህ ለመምጣት ጎንደር ከተማ የጭቃ ቤት ተከራይተን ስንት ዓመት ስንጠብቅ፣ ፈቃድ ሰጪዎቹ የማን ዘር ናችሁ ባሉን ቁጥር የጓንጉል ረታ፣ የጓንጉል ረታ ስንል ኖርን። እናቴ ይህን ስም እያለች የነዚያው ቢሮ በር ላይ ሞተች። አንተ በጣትህ...» አልጨረሰውም።

የገዛ ልጄን ቁጠሩላት ብዬ ሰው ጠርቼ፣ መቆጠር ያለበትን ሰው ራሴ ሰውሬያለሁ። ዳኒ የጓንጉል ዘር ነው። በሰባት ቤት ውስጥ ቢሆኑስ? ልጄን ለዘመዷ ልድር ነበር። ትርንጎም ይህንኑ አስባ መሰለኝ ግድግዳውን ተደገፈች። «ቁጠሩ» አለች። «ያላ፣ በሉ ቁጠሩት፣ ይውጣልን።»

ቀጭኑ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብሎ በጥፍሩ እየጫረ ቆጠረ። «ትርንጎ አንድ። ተገኘ ሁለት። አድጎ ሦስት። ፈረደ አራት። መርሻ አምስት። ብሩ ስድስት። ታሰው ሰባት። ረታ ስምንት!»

የሺ ስምንትን ስትሰማ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ቆዪ እንጂ እመቤት! የኛ ወገን አልተቆጠረም!» አላት ሽማግሌው። የሺ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

የዳኒን ሞላ ራሱ ቆጠረ፣ ያለ ወረቀት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ ወርቁ። «ዳኒ፣ ሞላ፣ ካሴ፣ ዓለሙ...» ጣቱን እያጠፈ ይሄዳል። አምስተኛውን አጠፈ፣ ስድስተኛውን አጠፈ። «ጓንጉል» ሲል ስንተኛ እንደሆነ ጠፋኝ። ትርንጎ ግን እየቆጠረች ነበር። «ሰባት» አለች ቀስ ብላ። «ረታ ስምንት።»

በአንድ ቤት አለፈ፤ በወዲህም በወዲያም በአንድ ቤት። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይሁን ማለታቸው ነው። ሞላ ተነሥቶ ወደኔ መጣ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እጁን ዘረጋልኝ፣ እኔም ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ ስል አልፈቀደልኝም። «ተው፣ ተው፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ ሁለታችንም ወድቀን ማን ያነሣናል» አለ። ያኔ የሺ ያቋረጠችውን እልልታ ጨረሰችው።

የእጮኝነቱ ግብዣ ያቭነ በአንድ አዳራሽ ሆነ። ዘፋኙ በኪቦርድ እስክስታውን ያቀልጠዋል፣ ሴቶቹ የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ለብሰዋል፣ የኛ ሰዎች በአንድ በኩል፣ የነሱ በሌላው በኩል ተቀምጠዋል፤ መሃሉ ባዶ። የልጅቱ አባት ይናገር ተባለና ማይክራፎን ሰጡኝ። ማን እንደሆንኩ ከአባቴ ከአድጎ ጀምሬ እንድናገር ነው ደንቡ። እኔ ግን፣ «የጓንጉል ረታ ወንድም ዘር ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። የሺ ክንዴን ጎተት አደረገችኝ፤ የግንቧ ጓደኞቼ ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉ። አልተውኩም። «ጓንጉል ረታ» አልኩ እንደገና፣ ጮክ ብዬ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዲት አሮጊት በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ከጎናቸው ሌላዋ ተነሡ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ልጅ የታቀፈች ሴት፣ ከዚያ ወታደር ልብስ የለበሰ ጎረምሳ፣ ከዚያ ጠረጴዛው በሙሉ፣ ከዚያ የኋላው ጠረጴዛ። ለካ ይህን ሁሉ ሰው ነው በአንድ ጣት ያጠፋሁት።